አራተኛው የአሸዋ ጠርሙስ

ዶክተር ግሩም በደረቱ ተኝቷል፤ ግማሽ ፊቱ አሸዋው ላይ፣ ግማሹ ጣና ውስጥ። ማዕበሉ በመጣ ቁጥር ፀጉሩን ያነሣና መልሶ ያስተኛዋል። ከማጅራቱ በላይ የድንጋይ ምት አለ። አጠገቡ ባለው የሸራ ቦርሳ ውስጥ አሸዋ የተሞሉ ሰባት አፈ ሰፊ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ አንዱም አልተሰበረም።

ኢንስፔክተር ፀሐይወርቅ ከባሕር ዳር ስትደርስ ሰው ተይዟል አሏት። ጀልባ ነጂው ሀዲስ እጁን በካቴና ታስሮ ደንገሉ ሥር ቁጢጥ ብሏል።

«ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ እንልካለን፤» አለ ሳጅን ተክለ ጊዮርጊስ። «ትናንት ሲጨቃጨቁ ሰው ሰምቷል። ዛሬም አብሮት የነበረው እሱ ብቻ ነው።»

ፀሐይወርቅ ሀዲስ ፊት ተቀመጠች። «ምን አጨቃጨቃችሁ?»

«ተቆጡኝ እንጂ አልተጨቃጨቅንም። ዳቦዬን በፌስታል ይዤ ጀልባው ላይ ወጣሁ። ‹ይህን ነገር ከአሸዋዬ አርቅ አላልሁህም?› አሉኝ። ዓመት ሙሉ አመላቸው ነው፤ ናይሎን ልብስ ለብሼ እንኳ አያስጠጉኝም።»

«ዛሬስ?»

«ሲነጋ አድርሻቸው መረብ ላነሣ ሄድሁ። ስመለስ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው። ጮኽሁ። የጮኸ ሰው ይታሰራል እንዴ፣ እሜቴ?»

ፀሐይወርቅ ተነሣች። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ከፈተች። በየክዳኑ ሥር ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ በየውስጡ በእርሳስ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አለ። አራተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ከክዳኑ ሥር ያለው ጨርቅ አይደለም፤ ቢጫ ፌስታል ነው።

የሟቹ ረዳት ቃልኪዳን እሱ ያስተምርበት በነበረው ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ዓይኗ አብጦ ጠበቀቻት። አሸዋውን በማጉያ መነጽር ሥር ዘረጋችላት። ከአሸዋው ጋር ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ፍርፋሪ ተቀላቅሏል፤ ትልቁ የጤፍ ፍሬ አያክልም።

«ፕላስቲክ ነው። ከሰባት ቦታ እየቀዳን ዓመት ሙሉ ቆጠርነው። ዓሣው ይበላዋል፣ ዓሣውን እኛ እንበላዋለን። አሁን አራተኛውን ይመልከቱ።»

አራተኛው አንድም ፍርፋሪ የለውም።

«አራተኛው ቦታ ሀጂ ዓብደላ አሮጌ ጀሪካን ፈጭተው የሚያጥቡበት ቦይ ሥር ነው። ከሁሉም የሚበዛው እዚያ ነበር። አሸዋው ተቀይሯል።»

«የቦታዎቹን ቁጥር ማን ያውቃል?»

«የጥናቱን ረቂቅ ያነበብነው ሦስት ነን። ዶክተር ግሩም፣ የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አንዳርጋቸው፣ እኔ። ጋሽ ሀዲስም ያውቃል፤ ጠርሙሱን የሚያቀብለው እሱ ነው።»

«አንቺም ትጠረጠሪያለሽ ማለት ነው።»

«አውቃለሁ፤» አለች ልጅቱ። «ጋሽ ሀዲስ ግን አይደለም።»

ሀጂ ዓብደላ በሚያጓራው መፍጫ በኩል እየጮኹ መለሱ። «ልጁን አልወደውም ነበር፤ አልዋሽም። ግን ምን ያስፈራኛል? ውሃዬ ንጹሕ ነው ብሎ የተማረ ሰው የፈረመልኝ ወረቀት አለኝ። ዶክተር አንዳርጋቸው፣ የገዛ አለቃው!»

«ስለ አራተኛው ጠርሙስ ምን ያውቃሉ?»

«የምን ጠርሙስ? እኔ የምፈጨው ጀሪካን ነው።»

ዶክተር አንዳርጋቸው ወንበር ስበው አስቀመጧት። «ግሩም ወንድሜ ነበር። ጥናቱም የሁለታችን ነው፤ እንዲያውም የእኔ ስም ይቀድማል።»

«አሸዋውንም አብራችሁ ትቀዱ ነበር?»

«እንዴታ! ስንት ጠዋት!»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራቱም ተጠርጣሪዎች ቤተ ሙከራው ውስጥ ተሰበሰቡ። ጠረጴዛው ላይ አሸዋ ያለባቸው አራት ጠርሙሶች፣ ክዳኖች፣ የጥጥ ጨርቆችና አዳዲስ ፌስታሎች ተቀምጠዋል።

«ዶክተር ግሩም ጠርሙሱን እንዴት ይዘጋ እንደነበር፣ እርስ በርስ ሳትተያዩ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ አሳዩኝ፤» አለች ፀሐይወርቅ።

የሀዲስ ካቴና ተፈታ። ጨርቁን በጣቱ ጫፍ አንሥቶ አራገፈና የጠርሙሱ አፍ ላይ አለበሰው። ቃልኪዳንም እንዲሁ አደረገች። ሀጂ «እኔ እንጃ፣ እንደ ማር ነው?» ብለው ፌስታል ጎተቱ። ዶክተር አንዳርጋቸው ፈገግ አሉ፤ ፌስታሉን በአውራ ጣታቸው ወጥረው ክዳኑን አጠበቁ። «እንዳይፈስ ነው።»

ቃልኪዳን አፏን በእጇ ያዘች።

«ማርም ዘይትም ስናሽግ ሁላችንም እንዲህ ነው የምናደርገው፤» አለች ፀሐይወርቅ። «እኔም ቤቴ። ፕላስቲክ የሚቆጥር ሰው ግን ጠርሙሱን በፕላስቲክ አይዘጋም፤ ቆጠራው ይበላሽበታል። አሸዋውን የቀየረው ሰው ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ ከሰባቱ የትኛው እንደሚያጋልጥ ያውቃል። ሀጂ አያውቁም። ሁለተኛ፣ አዘጋጉን አያውቅም። ሀዲስና ቃልኪዳን ግን እጃቸው ለምዶታል። ቁጥሩን አውቆ ሥራውን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ባሕሩ ዳር ሳይወርድ ስሙን ከፊት ያስጻፈ ሰው።»

«ይህ ግምት ነው!» አሉ ዶክተር አንዳርጋቸው።

«አራተኛው ጠርሙስ ላይ የነበረው ፌስታል የአውራ ጣት አሻራ አለበት። የማነጻጽርበት አልነበረኝም። ሳጅን፣ አሁን የነኩትን ፌስታል ያዘው።»

ዶክተር አንዳርጋቸው ጠረጴዛውን ተደገፉ።

«ለመንሁት፤» አሉ በመጨረሻ። «ከሀጂ ወረቀት ላይ ፊርማዬን እስካነሣ ጥናቱን አንድ ወር አቆየው አልሁት። ‹አሸዋውን አንድ ቀን እንኳ ወርደህ አይተኸው ታውቃለህ?› አለኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጎንበስ አለ። ድንጋዩን መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም።»

«የአራተኛው አሸዋስ?»

«ሐይቁ ውስጥ በተንሁት፤ ከክዳኑ ሥር የነበረውም ልብ ሳልለው አብሮ ሄደ።»

ሀጂ ዓብደላ ዶክተሩ የፈረሙላቸውን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው አጣጠፉት፤ መልሰው ግን የት እንደሚያስቀምጡት ጠፋቸው።

«እንግዲያ የቦዩ ማስረጃ ጠፋ፤» አለ ሳጅኑ ሰውየውን እየወሰደ።

«አይጠፋም፤» አለች ቃልኪዳን፣ ድምፅዋ ደክሞ። «ነገም ብንወርድ እዚያው ነው። ከነገ ወዲያም።»

በዚህ ማንም አልተደሰተም። ሀዲስ አንጓውን እያሸ ከበሩ ዘንድ ቆመ።

«ስንት ሰዓት ልምጣልሽ?»

ልጅቱ ቀና ብላ አየችው። «ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል። ትመጣለህ፣ ጋሽ ሀዲስ?»

«እመጣለሁ። ታስሮ የዋለ እጅ ስለሆነ ግን ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»