ሦስተኛው ጆሮ

ጫማ ሰፊው የሰጠችውን ጫማ ገልብጦ አየና አንገቱን ነቀነቀ።

«ይሄ ሞቷል።»

«እኔ ደግሞ ጉንፋን መስሎኝ ነው ያመጣሁት» አለች።

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር። የላካት የመንግሥት የስለላ ቢሮ ውስጥ ስንት ሰው ተሰብስቦ እንዳወጣው እንጃ፣ ቀልዱ ከጫማው ቀድሞ ሞቷል። ጫማ ሰፊው ፊቱን አልፈታም። ከሳጥኑ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ከጫማው ጋር ፌስታል ውስጥ ጨመረላት።

«ዞር እንዳትዪ» አለ መርፌውን እያየ። «ነጭ ጫማ።»

አልዞረችም። ሰውየውን ቀድማ አይታዋለች። በደሴቲቱ ሆቴል ያለው ኩባንያ ጥበቃ ነው፤ ከወደቡ አጥር ሥር ቆሞ ጋዜጣ የሚያነብ ይመስላል። አሸዋው ሁሉ ጥቁር በሆነበት ደሴት ነጭ ጫማ አድርጎ ሰው የሚከታተል ሰው ያሳዝናል። አሳዘናትም። ከጃኬቱ ሥር ያበጠውን ሽጉጥ እስክታይ ድረስ።

ብትሮጥ አበቃላት። ዝም ብላ ብትሄድ ይከተላታል።

ቀጥ ብላ ወደ እሱ ሄደች።

«ወንድሜ፣ እባክህ ይቺን አንዴ ያዝልኝ» ብላ ፌስታሉን እጁ ላይ አንጠለጠለችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሸራ ጫማዋን ማሰሪያ ፈታችና እንደገና ማሰር ጀመረች። ተረጋግታ። ዓይኗን በጨው አጥባ።

«ይከብዳል» አለ ሰውየው። 

«ባትሪ ነዋ። ባትሪ ቀያሪ ምን ይዛ ትዙር፣ ትራስ?»

ዓሣ የሚያራግፉት ሰዎች ሳቁ። ነጭ ጫማ የሰው ዓይን ሲበዛበት ፌስታሉን መለሰላት። መንገዱን ታጥፋ ከዓይኑ እስክትሰወር እርምጃዋን አላፈጠነችም።

የምስጢር ስሟ ሽንኩርት ነው። ጓደኞቿ መብረቅና ነብር ሲባሉ እሷ አርፍዳ ነበር፤ ስትደርስ ደህና ደህናው ስም አልቋል።

ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው። ደሴቲቱ መሃል እሳተ ገሞራ አለ። በተራራው ዙሪያ የመሬትን መንቀጥቀጥ የሚያዳምጡ መሣሪያዎች ተቀብረዋል፤ ሠራተኞቹ «ጆሮ» ይሏቸዋል። ጆሮዎቹ የሰሙት በሬዲዮ ሞገድ ወደ ኩባንያው መከታተያ ጣቢያ ይሄድና ስክሪን ላይ ይታያል። ስክሪኑ ሰላም ነው። ከባሕሩ ማዶ ያሉት የመንግሥት መሣሪያዎች ግን ከደሴቲቱ ሥር፣ ከጥልቁ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ ይሰማሉ። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። ኩባንያው ደግሞ ደሴቲቱ ላይ ያለውን ትልቁን ሆቴል እሁድ ሊሸጥ ነው። ተራራው አጉረመረመ ከተባለ ማን ይገዛል?

ስለዚህ ቢሮው ሽንኩርትን ባትሪ ቀያሪ አድርጎ ላካት። ጣቢያው ውስጥም ሌላ ሰው ነበረው፤ ከእሷ በፊት የገባ፣ ስክሪኑን የሚጠብቅ። ከመቀመጫው ስለማይነሳ ጋሽ ወንበር ይሉታል። ሙያውን ያስተማራት እሱ ነው።

መፍቻዋን ልትወስድ ቤት ጎራ አለች። የተከራየችው ከተራራው ግርጌ፣ እትዬ ጋ ነው። እትዬ ዘመድ የላቸውም። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ አፋቸው ግን ጤነኛ ነው።

«አፈኛዋ መጣሽ? ነይ እጅሽን ታጠቢ፣ ሳሙናው ይኸው። የጉድጓዱ ውሃ ዛሬም ሞቋል፤ እንጨት ቆጠበልኝ።»

ሽንኩርት እጇን ነከረችና ቶሎ አወጣች። ለብ ማለት ድሮ ቀረ።

«እትዬ፣ ማዶ ተሻግረው ትንሽ ቢሰነብቱስ?»

«ማን ጋ? አንቺ ከሄድሽ እሄዳለሁ። ጥዬሽማ ንቅንቅ አልልም።»

«እኔ የማንም አይደለሁም እኮ።»

«እንግዲያው የኔ ነሽ። ሻይሽን ጠጪ።»

 ሻይዋን ጠጣች።

ሦስተኛው ጆሮ ከሁሉም ይልቅ ለተራራው አፍ ይቀርባል። ሽቅብ ወጥታ ክዳኑን ከፈተች፣ ባትሪውን ቀየረች። ከዚያ ጫማ ሰፊው የሰጣትን ጥቅልል ፈታች። ትንሽ መቀበያ ነው፤ ጆሮው የሚሰማውን በጣቢያው ሳያልፍ እዚያው የሚያሳይ። ሽቦውን አገናኘች።

መስመሩ ዘለለ።

ዘሎም አላረፈም። ከጥልቁ የሚመጡት መንቀጥቀጦች ሰፋ ሰፋ ብለው ያብጣሉ። በመሃላቸው ቀጭን ንዝረት አለ፣ ብርድ እንደመታው ሰው ጥርስ የማያቋርጥ። የመጀመሪያው፣ የቀለጠው አለት ጓዙን ጠቅልሎ ከታች ተነስቷል ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ደረጃውን እየወጣ ነው ማለት ነው።

«ወንበር፣ ሽንኩርት ነኝ» አለች በሬዲዮ። «ሦስተኛው ምን ይላል?»

«ተኝቷል። ሁሉም ተኝቷል።»

 ጋሼን አሞኝተውታል። አንድ ሰው የድሮ፣ የሰላም ቀን ቅጂ ስክሪኑ ላይ እየለቀቀበት ነው። ልትነግረው አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«ባትሪው ገባ?»

«ገብቷል።»

«እንግዲህ ዝለይ።»

ደንብ ነው። ባትሪ የቀየረ ሰው ጆሮው አጠገብ ሦስት ጊዜ ይዘላል፤ ስክሪኑን የሚጠብቀው ዝላዩን ማየቱን ይነግረዋል። ሽንኩርት እግሯን አነሳች።

መልሳ አወረደችው።

ስክሪኑ ላይ ያለው የድሮ ቅጂ ከሆነ ዝላይዋ ሊታይ አይችልም። ታዲያ ጋሼ ይህን ሁሉ ጊዜ «አየሁ» ሲላት የነበረው ምን አይቶ ነው?

እንደ ግንድ ቆመች።

«ዘለልኩ» አለች።

«አየሁ ልጄ። ሦስቱም ቁልጭ ብለዋል።»

አልዘለለችም።

ምላሱ ለምዶ ነው። «አየሁ» ለእሱ ስልክ አንስቶ «ሃሎ» እንደማለት ሆኗል። ሽንኩርት ዝም አለች። ዝምታዋ ብርቅ ስለሆነ እሱም ወዲያው ገባው።

«አልዘለልሽም» አለ።

«አልዘለልኩም።»

በረጅሙ ተነፈሰ። «ነጭ ጫማ እየመጣ ነው። ዕቃውን ስጪውና በሰላም ውረጂ። እስከ እሁድ ብቻ ነው። ከዚያ ራሴ ሰዉን አስወጣለሁ።»

«ተራራው እሁድን በምን ያውቀዋል?»

«ሴት ልጄ እዚያ ሆቴል ነው የምትሠራው። ሽያጩ ካለፈ ኃላፊ ሊያደርጓት ቃል ገብተውልኛል። አንቺ አልወለድሽ፣ አይገባሽም።»

«ሰው አትመኚ ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ጎበዝ አስተማሪ ነህ፣ ጋሼ።»

ሬዲዮውን ዘጋች። መፍቻዋን አነሳች። 

የጆሮው አንቴና ፊቱን ወደ ጣቢያው ነው ያዞረው። ማዶ ያለው ቢሮ ያንኑ ሞገድ ይዞ ያዳምጣል፤ አንቴናው ከዞረለት ይሰማል። ብሎኑን በመፍቻ ያዘችው። ዝጓል። ሙሉ ሰውነቷን ጣለችበት። ሲጥ ብሎ ተነቃነቀ። አንቴናውን ወደ ባሕሩ አዙራ መልሳ አጠበቀችው።

የሚሰሙት እውነተኛው ጆሮ መሆኑን እንዲያውቁ ምልክት ተነጋግረው ነበር። ሦስት ዝላይ፣ ዕረፍት፣ አንድ ዝላይ።

ዘለለች። ዘለለች። ዘለለች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

ነጭ ጫማ ነው። ሽጉጡን ደግኗል፣ ያለከልካል።

«ስፖርት።»

«አንቴናውን መልሺው።»

«እሺ፣ ይቺን ልጨርስ።»

«እተኩሳለሁ።»

አንዷ ቀርታለች።

ዘለለች።

ተኮሰ። ግራ ክንዷን የጋለ ብረት የላጣት መሰላት። ሁለተኛውን ሳይተኩስ መሬቱ ራሱ ዘለለ። ድንጋይ ተንከባለለ። ሰውየው በቂጡ ቁጭ አለ፣ ሽጉጡ ገደል ገባ። ለአፍታ ባሉበት ተያዩ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ እንደ ሕፃን በቀጠነ ድምፅ።

«የምትሸጡት ሆቴል ሥር ያለው ነገር ነዋ። ሩጥ።»

ሁለቱም እግሬ አውጪኝ አሉ፤ በተለያየ አቅጣጫ።

የባሕር ኃይል መርከቦች ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ጋሽ ወንበርን የያዙት ወንበሩ ላይ ነው። ግድግዳው እየተሰነጠቀ ፊቱ ያለው ስክሪን ሰላም ነበር።

ለሽንኩርት የቢሮውን ትእዛዝ ጫማ ሰፊው አመጣላት፤ የነፍስ አድን ሠራተኞች ጃኬት፣ ሻሽና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛም ጨምሮ። ክንዷን አስሮ እጅጌውን አለበሳት።

«ባትሪ ቀያሪዋ ሞታለች» አላት። «ነጭ ጫማን ዛሬ አንነካውም፤ ማዶ አለቆቹ ጋ ይመራናል። በሕይወት መኖርሽን ካወቀ ይሸሻል። አንድም የምታውቂው ሰው እንዳያይሽ።»

«አንድም?»

«አንድም።»

ወደቡ ላይ ሕዝቡ ይሳፈራል። አንዲት ሴትዮ ብቻ ጓዛቸው ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ልጄ ሳትመጣ አልሳፈርም» ይሉታል መርከበኛውን።

«እማማ፣ ተራራው አይጠብቅም።»

«እኔስ ጠብቅ አልኩት?»

ሽንኩርት ከኋላቸው ቆማ ሰማች። «እትዬ፣ አለሁ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ነጭ ጫማ ከአጥሩ ማዶ፣ አንድ ጫማው ጠፍቶበት፣ የሰልፉን ፊት ሁሉ አንድ በአንድ እያየ ነው።

መርከበኛውን ጎትታ ሹክ አለችው።

«በፊተኛው መርከብ ሄዳለች በላቸው፤ በጆሯቸው።»

ነገራቸው። እትዬ ቀና ብለው አዩት።

«እኔን ሳትፈልገኝ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«እንግዲያው ትሂድ» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «ሞኟ እኔ ነኝ።»

መርከበኛው በአንድ በኩል፣ ሽንኩርት በደህናው ክንዷ በሌላው በኩል ብብታቸውን ይዘው አነሷቸው። መወጣጫው ይወዛወዛል። የእትዬ ክብደት ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ ጠዋት እጇን ያስታጠቧት ሳሙና ሸተታት። ጥርሷን ነከሰች።

«አንቺ ዝምተኛ ነሽ» አሉ እትዬ ወደ ተሸፈነው ፊቷ ዞር ብለው። «ተባረኪ። ያቺ ብትሆን እስካሁን ታደነቁረኝ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች።

መርከቡ ከወደቡ እንደራቀ ተራራው ከአናቱ ተከፈተ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ከግርጌው ያሉት ቤቶች በግራጫ ደመና ተዋጡ፤ ውስጣቸው ሰው አልነበረም። የሚያለቅስ አለቀሰ፣ የሚጸልይ ጸለየ።

እትዬ ብቻ አልዞሩም። ራቅ ብሎ ከፊት የሚሄደውን መርከብ እያዩ ነበር።

«አንቺ፣ ባለ ጃኬቷ» ተጣራ አንድ ሰው። «እዚህ የታመመ አለ።»

ሄደች።