የይርሳው ጋቢ

የማስተዋል አጎት ጋሽ ጥላዬ ሸራውን ከመዘርጋታቸው በፊት፣ እንደ ልማዳቸው፣ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው ወደ ላይ አነሡ። ሐይቁ ረግቶ ተኝቷል። የደንገሉ ሽታና የበሰበሰ ዓሣ ጠረን ከዳርቻው ላይ አልንቀሳቀስ ብሏል።

«ስልኬ እስከ ማታ ነፋስ የለም ይላል፣ ጋሼ» አለች ማስተዋል።

«እንግዲያው ስልክሽን ለነፋሱ አሳዪው። ማንበብ ይችል እንደሆነ እናያለን።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። ወንድሟ ይርሳው በዚሁ ጀልባ መረብ ሊያነሣ ወጥቶ፣ ጀልባው ሸራው እንደተወጠረ ብቻውን ከተመለሰ ወዲህ ግን ሳቅም እንባም ርቀዋታል። ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ለለቅሶ ነበር፤ ለቅሶ ግን አልተቀመጡም። እናቷ «ሬሳውን ሳላይ ልጄን አልቀብርም» ብላ እህል መቅመስ ትታለች፤ አመሻሽ ላይ እየወጣችም ከዳርቻው ቆማ ስሙን ትጣራለች። ማስተዋል የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቷ ወደ ቤት ገብታ እንድትበላ፣ ከወንድሟ የቀረውን ማምጣት።

በዚያ ዳርቻ ውኃ የወሰደውን ሰው ለመፈለግ የሚወጣ ጀልባ የጠፋውን ሰው ጋቢ በመቀመጫው ላይ አጥፎ ይጭናል። ማንም አይቀመጥበትም፣ ማንም አይለብሰውም። ሰውየው ካልተገኘ ጋቢው በመጨረሻዋ ደሴት ላይ ተትቶ ይቀራል እንጂ ወደ ቤት አይመለስም። ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። የይርሳው ጋቢም በኋለኛው መቀመጫ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ማስተዋል ከፊት፣ ከምሰሶው ሥር፣ ጋሽ ጥላዬም ከመካከል ተቀመጡ።

ገና ከዳርቻው እንደራቁ ጋሽ ጥላዬ ወደ ኋላ ዞረው አዩ። «ምን ጫንሽብን? ኋላው ሰምጧል።»

«ምንም።»

ውኃው በእርግጥም ከኋላ በኩል ከጠርዙ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል።

መጀመሪያ ወደ ምሥራቋ ደሴት ሊሄዱ ነበር፤ ነፋሱ ግን ከዚያው ተነሥቶ ስለገፋቸው ጋሽ ጥላዬ ሸራውን አዙረው ወደ ገዳሙ ደሴት አመሩ። ሴት የማይረግጣት ደሴት ናት። እሳቸው ሊጠይቁ ሲወጡ ማስተዋል ከጀልባው ቀረች። ሸራው ተሸብሽቦ ወረደ፤ ውኃው የጀልባውን ሆድ ቀስ እያለ ይልሳል። ከኋላዋ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማች። ዞር ስትል ከጋቢው ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ዝናብ አልነበረም፣ ማዕበልም አልመታቸውም። መፍራት እንዳለባት ታውቃለች፤ ፍርሃቱ ግን የሌላ ሰው ይመስል ከሩቅ ቀረ።

አንድ መነኩሴ በዛፎቹ መካከል ብቅ ብለው ጀልባውን አዩ።

«አንቺ እዚያው ቆዪ፣ ልጄ» አሉ በትሕትና። «እሱ ግን መውረድ ይችላል። ምነው እንዲህ በብርድ ይንቀጠቀጣል?»

መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ። ማስተዋል ወደ ኋላ አላየችም።

ጋሽ ጥላዬ ራሳቸውን እየነቀነቁ ተመለሱ። ያየው የለም። የምሥራቋን ነፋሱ ስለከለከላቸው አሁን የቀረቻቸው ጋቢውን የሚተዉባት የወይራዋ ደሴት ብቻ ናት። መንገዱን ሳያጋምሱ ግን ምዕራቡ ጠቆረ፤ ነፋሱም እንደ በሬ እያጓራ መጣ።

«አይሆንም፤ እንመለሳለን» አሉ።

«ጋቢውስ?»

«ነገ እናደርሰዋለን። ዛሬ የራሳችንን ነፍስ እናድርስ።»

ዝናቡ በአንድ ጊዜ ወረደባቸው። ነጠላዋን ቤት ትታ ስለነበር ብርዱ አጥንቷ ድረስ ገባ፤ ጥርሷ ተንገጫገጨ፣ ጣቶቿ ደነዘዙ። ወደ ኋላ ተንፏቀቀች፤ እጇ ሳታዘው ተዘርግቶ ጋቢውን ሳበ፤ ተከናንባውም ወደ ምሰሶው ሥር ተመለሰች። እርጥብ ቢሆንም ይሞቃል፤ አሁን ከሰው ትከሻ ላይ የወረደ ያህል ይሞቃል።

የጀልባው ኋላ ቀለል ብሎ ተነሣ።

«ይርሳው! ገመዱን ላላ አድርገው!» ሲሉ ጮኹ ጋሽ ጥላዬ።

ሽማግሌው በልማድ ተሳሳቱ ብላ አሰበች። እጆቿ ግን ጨርሶ የማታውቀውን ቋጠሮ በአንድ ጉተታ ፈትተው ገመዱን ላላ አደረጉት። ሐይቁ እስኪጸጥ ድረስ አጎቷ ወደ ፊተኛው መቀመጫ አንዴም አላዩም።

ደርሰው ከጀልባው ሲወርዱ መሸት ብሏል። እናቷ በደንገሉ መካከል እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ገብታ ቆማለች። ጋቢውን እንዳየች እየተደናቀፈች መጥታ የማስተዋል አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ እጆቿን ሳመች።

«ልጄ! ይርሳዬ! መጣህልኝ!»

ማስተዋል «እማ፣ እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች። የሐይቅ ውኃ ጣዕም ጉሮሮዋን ሞላው፤ የወጣውም ከሷ የወፈረ ድምፅ ነበር። «እማ፣ ራበኝ።»

እናቷ እየሳቀች አለቀሰች። ከዚያ በማስተዋል ትከሻ በኩል ባዶውን ጀልባ አየች።

«እህትህስ?»

ጋሽ ጥላዬ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ነፋሱ ነው» አሉ። «ከፊት ተቀምጣ ነበር። ዞር ስል የለችም።»

ቤት ገብተው እናቷ ከረጅም ጊዜ በኋላ እህል ቀመሰች። ከዚያም የማስተዋልን ነጠላ ከማስቀመጫው አውጥታ፣ ለነገው ፍለጋ በጥንቃቄ አጥፋ፣ ወደ ጀልባው ወርዳ በፊተኛው መቀመጫ ላይ አኖረችው፤ ደረቅ ከነበረው ነጠላ ጫፍም ጠብ፣ ጠብ ይል ጀመር።