ጭራው የተቆረጠ ካርፕ

የሞቱት የዓሣ ጫጩቶች የላይኛውን ኩሬ ሸፍነውታል። ጣት የማያክሉ ካርፖች ናቸው።

የኩሬዎቹ ባለቤት ሐጂ አብዲቃድር የጠባቂያቸውን የዋይስን አንገትጌ ጨምድደው ይጮኻሉ። "ከጎጆው ነጭ ዱቄት በጆንያ ተገኝቷል! መርዝ ነው!"

ዋይስ በካቴና ታስሯል። ጆንያው ሐጂ ባስቸኮሉት ፖሊስ እጅ ቀድሞ ወደ ጣቢያ ተልኳል። የድሬ ዳዋው ፖሊስ መቶ አለቃ ሚሬ የደረቀውን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በእግሩ ተሻግሮ ነው የደረሰው፤ በዚያ ላይ ጩኸት አይወድም። በ1955 ዓ.ም. ግንቦት፣ በዚያ ሐሩር፣ ማን ይወዳል?

"ዱቄቱ ምንድን ነው?"

"ጨው ነው፣ ወላሂ!" አለ ዋይስ። "በጨው ውሃ ልነክራቸው ነበር። ቅማል ፈጃቸው።"

"የዓሣ ቅማል!" ሳቀ ጉሌድ። የሐጂ ሚስት ወንድም ነው፤ ከኩሬዎቹ በታች ብርቱካን ተክሏል። "ውሰደውና እንገላገል!"

"አንተን ማን ጠየቀህ?" አለ ሚሬ።

አንድ የሚያጣጥር ጫጩት በመዳፉ አነሳ። ክንፉ ሥር ጠፍጣፋ ነገር ተንፏቀቀ። ሁለት። አምስት። ዘገነነው።

"መርዝ ቢሆን እነዚህ ቅማሎችም በሞቱ ነበር። ከየት መጡ?"

"ከታችኛው ኩሬ፣ ከትልልቆቹ። ቅማል የያዘውን ለምልክት ጭራውን እቆርጣለሁ፤ ወደ ጫጩቶቹ እንዳይቀላቀል። እናቴን ላስታምም ቢዮ አዋሌ ሄጄ ሃያ ቀን ቆይቼ ትናንት ነው የገባሁት።"

ሚሬ የላይኛው ኩሬ ውሃ እንዲጎድል አዘዘ። ጭቃው ላይ ሦስት ትልልቅ ካርፖች ተንፈራገጡ። የሦስቱም ጭራ ተቆርጧል።

"ሐጂ፣ ምልክቱን ያውቁ ነበር?"

"የምን ምልክት?"

"ዋይስ፣ ለማን ነገርክ?"

"ለጉሌድ ብቻ። ስሄድ ኩሬውን ያስረከብኩት ለእሱ ነው። ጭራ የሌለውን እንዳትነካ ብዬው ነበር!"

የጉሌድ ሳቅ ጠፋ።

"አቦ፣ ተወኝ! ብርቱካኔ ደረቀ እኮ! ውሃው ሁሉ ለዚህ ለሚገማ ዓሣ! ጫጩቶቹ ካለቁ ውሃው ለእኔ ይለቀቅ ነበር።"

"ይህ ሰውዬስ?"

"እሱ ምኔ ነው?"

ካቴናው ከዋይስ እጅ ወጥቶ ጉሌድ እጅ ላይ ተቆለፈ። ሐጂ ይቅርታ እንኳ አላሉም።

"ምን ይገትርሃል? ያልሞቱ አሉ! ጨውህን አምጣ!"

ዋይስ ካቴና የላጠውን እጁን እያሻሸ አያቸው።

"ጨውማ ጣቢያ ነው፣ ሐጂ። መርዝ ነው ብለው የላኩት እርስዎ ነዎት።"