ሙሉቀን ያልገዛው ማይክ

የማወራችሁ ሌሊት ስለሆነ ነገር አይደለም። ጨለማ የለበትም፣ ጅብም አልጮኸበትም።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት ላይ፣ ውሻ እንኳ ምላሱን አውጥቶ ጥላ ስር የሚዘረርበት ሰዓት።

ውሸት ነው የምትሉ በሉ! እኔ ግን ሙሉቀንን አውቀዋለሁ፤ የሚለየን አንድ አጥር ነው። ኮምፒውተር አስተማሪ ነው። ጋኔን ሲባል "ድራይቨሩ ከየት ይወርዳል?" እያለ የሚያላግጥ ሰው ነበር።

ነበር...

ሙሉቀንና ሚስቱ ትርንጎ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት። ፌቨን ትባላለች፣ ሰባት ዓመቷ ነው። ስንት ስለት ተገብቶ የመጣች ልጅ መሰለቻችሁ። ዘንድሮ ወባ ደጋግሞ ጣላት። ሐኪሙ "ተርፋለች፣ ግን አቅም የላትም፤ ከአልጋ እንዳትነሳ" አላቸው።

ስትሮጥ የዋለችን ልጅ አልጋ ላይ ማቆየት ቀላል አይደለም።

"አባዬ... ሰለቸኝ" አለችው።

ፊልምና ተረት የሚያጫውት ኮምፒውተር ከቴሌቪዥኑ ጋር ሊገጥምላት ተነሳ። በሊኑክስ፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ ግን በነፃ የሚገኝ ሲስተም ነው። ኔትወርክ ቢጠፋ ግድ የለው፣ በአሮጌ ዕቃም ይሠራል።

ዋናው መንገድ ዳር ያገለገለ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ሱፍዋን የሚባል ጓደኛ አለው። ሙሉቀን ደግሞ ዕቃ የሚመርጥበት የራሱ መንገድ አለው። ሊኑክስ የጫነበትን ፍላሽ ይዞ ይሄድና እዚያው ባንኮኒው ላይ ያስነሳዋል። ከዚያ አንድ በአንድ ይሰካል። ሊኑክሱ ወዲያው ካወቀው ይወስደዋል፤ ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን የሚያሠራ ፕሮግራም፣ ከጠየቀው ይመልሰዋል።

በእኛ አቧራ ማቀዝቀዣ ፋን አይበረክትም ብሎ ፋን የሌለው ትንሽ ኮምፒውተር መረጠ። ዋይፋዩ አልታወቅ ቢል በሌላ አስቀየረ። ምስሉ ተስማማ፣ ድምፁም ተስማማ። ማይክና ካሜራ አልፈልግም አለ።

የቀረው የሪሞት መቀበያ ብቻ ነበር፣ ልጅቷ ተኝታ እንድትቀያይርበት። ሱፍዋን ያለውን ሁሉ ደረደረ። አንዱም አልሠራ አለ። በመጨረሻ ከካርቶን ስር ስም የሌለው፣ አቧራ የጠጣ አንድ ዕቃ አወጣ።

ሙሉቀን ሰካው። ወዲያው ታወቀ።

"ይሄስ ሳይጠሩት አቤት የሚል ነው!" ሱፍዋን ሳቀ።

"ከየት አመጣኸው?"

"ወላሂ እኔ እንጃ። እዚህ መኖሩንም አላውቅ።"

ስክሪኑ ላይ የዕቃው ዓይነት ወጣ። የሪሞት መቀበያ አይልም።

ማይክ ይላል።

"ሙሌ... ይሄ ማይክ የት አለውና?" ሱፍዋን እያገላበጠ አየው።

"ተሳስቶ ነው። አሮጌ ዕቃ እንዲህ ያደርጋል። ሪሞቱን ታዘዘ አይደል? በቃ፣ ጠቅልልልኝ።"

አይ ሙሉቀን! ወዲያው ስለታወቀለት ብቻ ወደ ቤቱ ይዞት ገባ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ትርንጎ ሽንኩርቷን ይዛ ገበያ ወጥታለች። ሙሉቀን ከትምህርት ቤት መጥቶ፣ እንደ ሰፈራችን ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ ኒም ዛፍ ስር ጋደም አለ። ፌቨን አጎበሯም ቴሌቪዥኗም ቤት ውስጥ ስለሆነ እዚያው ናት። ፊልሟን ጨርሳ ቴሌቪዥኑን አጥፍታዋለች።

"አቤት!"

ሙሉቀን ዓይኑን ገለጠ፤ ድምፁ የፌቨን ነው።

ዝም...

"አቤት!"

ተነስቶ ገባ። "ማን ጠርቶሽ ነው?"

"እማማ ናቸው።"

"የቷ እማማ?"

"አላውቃቸውም። ደክሟቸዋል።"

ልጅቷ አላተኮሳትም። ግንባሯን ደጋግሞ ዳሰሰ፤ ደህና ናት። ህልም ነው ብሎ ተመልሶ ተኛ።

ቆላ ያደገ ሰው ይሄን ያውቃል። በቀትር ስምህ ሲጠራ ሦስት ጊዜ ሳይደገም አቤት አይባልም፤ የሚጠራህ ጋኔን ሊሆን ይችላል። ግን ፌቨንን ማን ይንገራት? እኛ ልጆቻችንን የምንቆጣው "ስትጠሩ ቶሎ አቤት በሉ!" እያልን ነው። ጨዋ ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ!

በሌላው ቀን ቀትር ላይ ሙሉቀን ውሃ ሊጠጣ ገባ። ልጅቷ ተኝታለች።

ከቴሌቪዥኑ ስር ድምፅ ይሰማል። ሽው... ይልና ያቆማል። ደግሞ ሽው...

ፋኑ ነው ብሎ አለፈ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን እግሩ ተያዘ። ፋን የለውም እኮ! ራሱ ነው የመረጠው።

ተመልሶ እጁን ኮምፒውተሩ ላይ አሳረፈ። ፋን የሌለው ዕቃ፣ በሸዋ ሮቢት ቀትር፣ ሲሠራ ውሎ... እንደ ውሃ እንስራ ቀዝቃዛ ነው።

ቴሌቪዥኑን ከፍቶ የፊልሞቹን ማኅደር አየ። በፊልሞቹ መሃል እሱ ያላስገባቸው የድምፅ ፋይሎች ተቀምጠዋል። ሁሉም የተቀዱት በቀትር ነው። የመጨረሻው የዛሬ ነው፣ አሁን የተቀዳ፤ እሱ ግን ደጅ ሆኖ አንዲት ቃል አልሰማም።

ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ከፈተው።

የፌቨን ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ሌላው ወገን ባዶ ነው።

"አቤት እማማ..."

ዝም።

"ደህና ነኝ። እርስዎስ ጎንዎን ተሻለዎት?"

ዝም... ረጅም ዝምታ።

"አዎ፣ አልጋው ይበቃናል። እኔ ትንሽ ነኝ።"

ዝም።

"አባዬ? እሱ ደጅ ነው የሚተኛው።"

ዝም።

"ነገ? እሺ እማማ። ይምጡ።"

ሙሉቀን ማዳመጫውን ነቅሎ ጣለ። "ልጄን!" ብቻ ነበር ከአፉ የወጣው።

ሽቦውን ነቃቀለ። ያቺን መቀበያ ደጅ አውጥቶ በድንጋይ ቀጠቀጣት። ድንጋዩን ሲያነሳ ውስጧ አንድም ነገር የለም፤ ባዶ ፕላስቲክ ናት። ታዲያ ሪሞቱን ሲታዘዝ የሰነበተው ምኑ ነው?

ትርንጎን በስልክ ጠራት። ገበያዋን ጥላ መጣች።

"ምን ሆና ነው?" አለች እያለከለከች።

"ቀስ በይ... እንዳትሰማን። ልብሷን አዘጋጂ።"

"ወዴት?"

"ደብረ ሲና፣ እህቴ ጋ። ነገ ቀትር እዚህ ቤት እንዳትገኝ።"

"ሙሌ፣ አስፈራኸኝ..."

"እኔም ፈርቻለሁ፤ አትጠይቂኝ።"

በዚያው ቀን ሚኒባስ ተሳፍረው ዳገቱን ወጡ። እኔ ነኝ ሻንጣቸውን የሸከፍኩላቸው።

ደብረ ሲና በማግስቱ ጉም ለብሳ ዋለች። የእህቱ ቤት ቴሌቪዥን የለም፣ ኮምፒውተር የለም። ሙሉቀን ስልኩን እንኳ አጥፍቶ ጎረቤት አስቀመጠ። ፌቨንን አልጋ ላይ አስተኝተው እሱ በርጩማ ስቦ ራስጌዋ ተቀመጠ፣ ትርንጎ ግርጌዋ። በሩ ተቀርቅሯል።

ስድስት ሰዓት ሆነ።

ማንም አልተጣራም። ፌቨንም አቤት አላለች። ተኝታለች፣ ሁለቱ እጆቿ ጉንጯ ስር ናቸው።

ትርንጎ ፊቷ ፈታ አለ። "አለፈ... ተመስገን" አለች በሹክሹክታ። ሙሉቀን እንባው መጣ።

ያኔ ፌቨን ዓይኗን ሳትገልጥ ወደ ግድግዳው ጥግ ተጠጋች። የአልጋው ግማሽ ባዶ ሆነ።

"ኖር" አለች።

ትልቅ ሰው ሲገባ እንደሚባለው፣ በአክብሮት።

ኖር የተባለ ሰው ምን ብሎ እንደሚመልስ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እግዜርን ጠርቶ ነው የሚቀመጠው። ሙሉቀን ያንን መልስ ጠበቀ።

አልመጣም።

ፍራሹ ግን በባዶው በኩል ቀስ ብሎ ዝቅ አለ...

ብርድ ልብሱም ከግርጌ ተነስቶ እስከ ፌቨን ትከሻ ድረስ ተሳበ። እጆቿ አሁንም ጉንጯ ስር ነበሩ።