ቁጥሩ አይቀየርም

የኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ላይ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል። «ክር» በሩን አላየችም። በር በሩን የሚያይ ሰው ይጠረጠራል።

የምትጽፈው ሦስት መስመር ብቻ ነው። በአንደኛው የላቲን ፊደላት በተራቸው። በሁለተኛው እነዚያው ፊደላት፣ ግን ከመሀል ጀምረው። በሦስተኛው ማሽኑ ውስጥ ድሮም ያለች አጭር ትዕዛዝ፦ የላይኛውን ፊደል በታችኛው ተካ። ጽሑፍ ይገባል፣ ቅራቅንቦ ይወጣል። ቅራቅንቦው ተመልሶ ከገባ ጽሑፉ ይመለሳል።

ለ«አጎት» ነግራው ነበር። አጎት በድብቅ ሥራው አለቃዋ እንጂ አጎቷ አይደለም።

«ይኼ እኮ የልጅ ጨዋታ ነው።»

«ከውጭ ሌላ ፕሮግራም ካስገባሽ ማሽኑ ይጮኻል። ይቺን እዚያው ጻፊያት፣ ተጠቀሚባት፣ አጥፊያት። መልእክቱን ደግሞ እንዳልኩሽ፣ ቃል በቃል።»

ጻፈች። አስኬደችው። አታሚው አጉረመረመና አንድ ወረቀት ተፋ።

በዚህ የደህንነት መሥሪያ ቤት ክር የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ናት። አታሚ የተምታታ ፊደል ሲተፋ ሰው ሁሉ ይራገማል እንጂ ማንም አያነብም። ወረቀቱን ጨምድዳ ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው። ሦስቱን መስመሮች አጠፋች።

የጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ ቅርጫቱን አነሳች። ክር የሚስጥር ስም እንደሆነ ሁሉ የእሷም «መርፌ» ነው። አልተያዩም። መርፌ ወረቀቱን ከቆሻሻው ጋር ታወጣዋለች፣ ሹፌሩ ይቀበላታል፣ አድራሻውን አንብቦ ማታ ሐኪሟን ይዞ ወደ ድንበር ይነዳል። ሐኪሟ እስር ቤት የተገደሉትን ሰዎች አስከሬን የመረመረች ናት። ከተሻገረች ትመሰክራለች። እስከዚያው የተደበቀችው ክር በተከራየችበት ግቢ፣ እትዬ ጓዳ ውስጥ ነው።

እትዬ አከራይዋ ናቸው። ጉልበታቸው ታሟል፤ አፋቸው ግን ጤነኛ ነው።

ረፋዱ ላይ ሻምበሉ አስጠራት።

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

መርፌ በሩ አጠገብ ወለሉን ትወለውላለች። ቀና አላለችም።

«ኮሪደር ላይ ወድቆ አገኘሁት ብላ አመጣችልኝ፤» አለ ሻምበሉ። «ምንድን ነው?»

«አታሚው ነው ጌታዬ። አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል።»

«አታሚ ሲያብድ በቃላት መሀል ክፍተት እየተወ ነው የሚያብደው? ቁጭ በይና ፍቺልኝ።»

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ያጠፋቻቸውን ሦስት መስመሮች እሱ እያየ እንደገና ጻፈች። የታችኛውን ረድፍ ሆን ብላ በአንድ ፊደል አዛነፈችው። ከቅራቅንቦው ሌላ ቅራቅንቦ ወጣ።

«ጊዜ ይፈልጋል።»

ሻምበሉ አልተቆጣም። ጣቱን ወረቀቱ መሀል ላይ አሳረፈ።

«ግዴለም። ይቺን የነካት የለም።»

12/214።

ትዕዛዟ ፊደል እንጂ ቁጥር አትቀይርም። ክር ይህንን ያወቀችው ዩኒቨርሲቲ ገና እንደገባች ነው። እያወቀችው ጻፈችው።

«አስራ ሁለተኛ መንገድ፣ ቤት ቁጥር ሁለት መቶ አስራ አራት፤» አለ ሻምበሉ በሬዲዮው። «የጠፋችው ሐኪም እዚያ ሳትሆን አትቀርም፤ ድንበር መንገድ ላይ የሚጠብቋትንም ጥሩልኝ። አንድ ሰው እንዳይቀር።»

የክር ስልክ ጮኸ። እትዬ ናቸው።

«አንሺው እንጂ፤» አለ ሻምበሉ። «ምን ያስደነግጥሻል?»

«አንቺ ልጅ፣ ቁልፍሽን ጥለሽ ሄድሽ። ዘበኛሽ ነኝ እኔ?»

«እትዬ፣ እባክዎ አሁን ሱቅ ብቅ ይበሉና የፊት ሳሙና ይግዙልኝ።»

«የፊት ሳሙና? ምነው፣ ባል መጣ እንዴ?» ሳቁ። «በዚህ ጉልበት የትም አልሄድ። ይልቅ ያቺ የእህቴ ልጅ ሄደች እኮ። አጎትሽ በጠዋት መጥቶ ወሰዳት። አልነገረሽም?»

የእህቴ ልጅ የሚሉት ሐኪሟን ነው።

አጎት አልነገራትም።

መልእክቱ ለሹፌር የተጻፈ አልነበረም። ለሻምበሉ ነው። መርፌም ወረቀቱን ያመጣችው በአጎት ትዕዛዝ ነው። ወታደሩ ሁሉ እትዬ ቤት ሲሰበሰብ ድንበሩ ባዶ ይሆናል።

«እትዬ፣ ከቤት ይውጡ...»

ሻምበሉ ዞሮ አያት።

«...ይውጡና ፀሐይ ይሙቁ።»

«ፀሐይ! ያምሻል እንዴ አንቺ?» ስልኩ ተዘጋ።

«እናትሽ ናቸው?»

«አከራዬ ናቸው።»

«ተጫዋች ሴትዮ ናቸው፤» አለ ሻምበሉ ቆቡን እያነሳ። «ጠረጴዛሽ ጋ ጠብቂኝ፤ እንፈታዋለን።»

አድራሻዋን ከሠራተኛ አስተዳደር እስኪጠይቅ ብዙ አይቆይም። መኪኖቹ ሲንጋጉ የመሣሪያ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በበሩ ወጣች። ታክሲ ውስጥ ሆና ለእትዬ ደጋግማ ደወለች። አይነሳም።

ደረሰች። ግን ዘግይታለች።

መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ወታደሮቹ እትዬን በአንድ እግር ጫማ አወጧቸው።

«ቀስ በሉ እንጂ! ይኼ ጉልበት እኮ ከናንተ ዕድሜ ይበልጣል!»

አንድ ሰው ሳቀ። አንዱ ወታደር ገፈተራቸው። ሲቃኑ ዓይናቸው ክር ላይ አረፈ። ክር ወደፊት ልትራመድ እግሯን አነሳች።

እትዬ እንደማያውቋት ሆነው ዓይናቸውን አሳለፉት።

እግሯን መለሰችው። የመኪናው በር ተዘጋ።

ከአውቶቡስ ተራ ለአጎት ደወለች።

«ተሻግራለች፤» አለ። «ጎበዝ።»

«ቁጥሩ እንደማይቀየር ታውቅ ነበር።»

«አንቺም ታውቂ ነበር።»

«እትዬን መቼ ነው የምናወጣቸው?»

 

«አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ፤» አለና ዘጋ።

ስልኩን ሰባብራ ጣለችው። አዲስ መታወቂያ፣ አዲስ ሥራ፣ ማንም የማያውቃት ከተማ። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠችው ነጋዴ ገና ከተማውን ሳይወጡ ወሬ ጀመረች።

«እዚያ ዘመድ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ውይ፣ ታዲያ አታስቢ። የማውቃት ሴትዮ ክፍል ታከራያለች። ብቻዋን ናት፤ እንደ ልጇ ነው የምትይዝሽ። ልደውልላት?»

«አይ፣ አትደውዪላት፤» አለች ክር። «ሆቴል ይሻለኛል።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ነጋዴዋ የኮራችባት መስሏት ስልኳን ወደ ቦርሳዋ መለሰች።