ያልተመዘገበው አባት

ቶይባ መቀሷን ባወጣች ቁጥር ኡበይደላ ጠጋ ብሎ ይቆማል። ላየው ሰው ሊያግዛት የቆመ ይመስላል፤ እሱ ግን ሊቆጣጠራት ነበር።

ከመርሳ ዝቅ ብሎ፣ በመስኖው ዳር፣ በገዛ እጁ የቆፈራቸው ሁለት የዓሣ ኩሬዎች አሉት። እሷ በየማክሰኞው ከወልድያ በሚኒባስ እየመጣች የዓሣዎቹን ዘር የምታጠና ባለሙያ ናት። ከእያንዳንዱ ዓሣ የክንፍ ጫፍ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ትቆርጥና አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ትከታለች።

«ይቺ ቁራጭ ምን ትነግርሻለች?» አላት አንድ ቀን።

«የዘር ምልክቱን። የትኛው የዓሣ ጫጩት የማን ልጅ እንደሆነ፣ የትኛው አባት ቶሎ የሚያድግ እንደሚወልድ። ምልክቱን ካወቅን የምናረባውን በግምት አንመርጥም።»

«ከዚያስ ማን ይወስደዋል?»

«ኧረ አቦ! ዓሣህ እዚሁ ነው፤ ምን ሆነሃል?»

ምን እንደሆነ እሱ ያውቃል። አባቱ ሠላሳ ዓመት ያቆዩትን የማሽላ ዘር አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ በኪሱ ይዞት ሄደ። ዘሩ በሌላ ስም «ምርጥ ዘር» ተብሎ ተመልሶ ሲመጣ፣ አባቱ የገዛ ማሽላቸውን ለመግዛት ተሰልፈው ተመዘገቡ። ቢጮኹስ ማን ይሰማቸዋል? እሱንም ቢሆን፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመን ሰው፣ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል?

ችግሩ ቶይባ ስትስቅ ነው። ያን ጊዜ መቀሱን ማየት ይረሳል። «ሆን ብላ ነው የምትስቀው» ብሎ ሳቋንም ጠረጠረው።

የማራቢያው ጊዜ ሲደርስ አሥር ወንዶች መርጣ፣ የሁሉንም ቁራጭ ወስዳ፣ ከሴቶቹ ጋር ቀላቀለቻቸው።

«ከነዚህ ሌላ ወንድ እንዳይገባ፤ አደራህን!»

ራሱን ነቀነቀ። ከመማል ግን ተቆጠበ።

ሚኒባሷ ከዓይን እንደራቀ፣ ለእሷ ያላሳየውን ምርጡን ወንድ፣ ጀርባው በመዳፍ የማይጨበጠውን፣ ከጓሮው የውሃ ጉድጓድ አውጥቶ ሴቶቹ መሃል ለቀቀው። ልጆቹ ይወለዱለት፤ ዘሩ ግን በሰው ብልቃጥ አይግባ።

ከአራት ወር በኋላ ቶይባ ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

«ኡበይደላ፣ የግማሾቹ ጫጩቶች አባት አልተገኘም። ከአሥሩ የአንዱም ልጆች አይደሉም። አለቃዬ አቶ ስዩም ብልቃጦቹን አምታታሽ ብለውኛል። ሰኞ ከሥራው ያነሱኛል። የምታውቀው ነገር አለ?»

ወጥመድ ነው አለ በሆዱ። «እኔ ምን አውቄ! የተማርሽው አንቺ።»

ረጅም ጊዜ አየችውና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች።

እናቱ ዓቢዳ ከደጃፉ ሆነው ሰምተዋል። «አንተ! ለአንድ ዓሣ ብለህ የሰው ልጅ ታስባርራለህ?»

«ብትወስደውስ፣ እማ?»

«የአባትህን ማሽላ የወሰደው ሌላ፤ የምትቀጣው እሷን!»

«እሷ ደግሞ ለኔ ምኔ ናት?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ማክሰኞ ማክሰኞ ሸሚዝ የምትቀይረው ለዓሣዎቹ ነው እንዴ?»

ሰኞ ጠዋት ዓሣውን ውሃ በሞላ ባልዲ ይዞ ወልድያ ሄደ። ቶይባን ከአለቃዋ ጋር በረንዳው ላይ አገኛት።

«አባትየው ይሄ ነው» አለ፣ ባልዲውን አቶ ስዩም እግር ሥር አስቀምጦ። «ደብቄ የለቀቅኩት እኔ ነኝ። እሷ አላጠፋችም።»

ታመሰግነኛለች ብሎ ቀና አለ። ቶይባ ግን መቀሷን እያወጣች ነበር።

«ካመንሽኝ መቁረጡ ለምን?»

«አላመንኩህማ።»

ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲጠረጥር ኖሮ፣ በሰው መጠርጠር እንዲህ እንደሚያም አያውቅም ነበር።

ውጤቱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሦስቱንም ማክሰኞ ቀረች። በአራተኛው በመስኖው ዳር ስትመጣ አያት።

«እሱ ነው አባትየው። ሥራዬን መለሱልኝ።»

«እኔስ?»

ኩሬው ዳር፣ ክንድ ያህል ርቃው ተቀመጠች። «አንተማ ገና ነህ። የምጠይቅህን ሳትደብቅ ትመልሳለህ?»

«ጠይቂኝ።»

«መጀመሪያ ያየኸኝ ቀን በልብህ ምን አልክ?»

«ሌባ ናት አልኩ።»

ቶይባ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «አሁንስ?»

ውሃውን አየ። እሷን አየ። «አሁንማ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር እነሳለሁ። ሌላ ሰው ሲወርድ እመለሳለሁ። እንዲህ ሆኛለሁ፣ ቶይባ።»

ቶይባ ጣቶቿን ኩሬው ውስጥ ነከረች።

«ሽማግሌ ስትልክ» አለች በመጨረሻ፣ ዓይኗን ከውሃው ሳታነሳ፣ «አንደበተ ርቱዕ ምረጥ። አባቴ ካንተ የባሰ ተጠራጣሪ ነው።»