የባርናባስ ገፊ

«ጎንበስ ብለሽ ነው የምትገፊው» አለ ባርናባስ፣ የትምኒትን ሄልሜት ጭንቅላቱ ላይ እየጠቀጠቀ።

ትምኒት ከኋላው ሄዳ ቆመች።

ከጣውላና ከአሮጌ ኩሽኔታ የሠሯት መኪና የሁለቱም ናት፤ ሹፌሯ ግን ትምኒት ነበረች። ፎርሙላ ዋን ለመንዳት የምታልመው እሷ ናት። በሰፈሩ የቁልቁለት ውድድር ያሸነፈ ሹፌር ደግሞ አዲስ አበባ ሄዶ እውነተኛ ባለሞተር የካርቲንግ መኪና የመንዳት ስልጠና ይገባል። ገፊው ተጨብጭቦለት ወደ ቤቱ ነው።

ትናንት ለምዝገባ ስትደርስ ባርናባስ ቀድሟት በሹፌርነት ተመዝግቦ ነበር። «ጓለይ፣ ልጄ፣ እናትሽ መንዳት እንደከለከሉሽ ነገረኝ። አይዞሽ፣ መግፋትም ክብር ነው» አሏት የውድድሩ አዘጋጅ መምህር ኣስመላሽ። እናቷ ይህን በሕልማቸውም አላሉም። ሄልሜቱን የገዙላት እሳቸው ናቸው። ግን መምህሩ የሚጨቃጨቅ ቡድን ካለ ከውድድሩ እንደሚሰርዙ አስጠንቅቀው ስለነበር ንዴቷን ዋጥ አደረገችው።

«አታካብጂ በቃ፣ ከአዲስ አበባ ስመለስ አስተምርሻለሁ» ብሏት ነበር ባርናባስ። ዛሬ ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ እያፏጨ መጣ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የመሪውን ብሎን ልታላላው ቺያቬ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው፤ ለእሱ አዝና ሳይሆን ለመኪናዋ ሳስታ።

የሓድነት ሰፈር ልጆች አስፋልቱን ግራና ቀኝ ሞልተውታል። መነሻው ሜዳ ነው፤ ቁልቁለቱ አፋፍ ድረስ የሚገፋው የሌለው ሹፌር ንቅንቅ አይልም። እግሩን መሬት ካስነካ ደግሞ ይባረራል።

«ዝግጁ ነሽ?»

«አዎ» አለች። እጆቿን ጀርባው ላይ አሳረፈች።

መምህር ኣስመላሽ ባንዲራውን ጣሉ። ኩሽኔታዎቹ ተንጫጩ፤ በግራም በቀኝም ያሉት መኪኖች ተፈተለኩ። የባርናባስ መኪና እዚያው ቀረች።

«ግፊ እንጂ!»

ትምኒት አልገፋችም። መጀመሪያ አንድ ልጅ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ተንከተከቱ። የባርናባስ ማጅራት ሲቀላ እያየች ልቧ ቅቤ ጠጣ።

«ትምኒት፣ በናትሽ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሺ? አሁንም እንደርስባቸዋለን።»

እውነቱን ነው። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፣ መኪናዋም ፈጣን ናት። ይደርሱባቸው ነበር፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

እጆቿን ከጀርባው ላይ አንስታ ኪሷ ከተተቻቸው።